ወደ ደቡብ አሜሪካ ስንጓዝ ሆግቭሊት የደረስን ዕለት

በዚያን ጊዜ ዴን ሃግ ውስጥ አንዲት መበለት ቤት እሠራ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በጣም ረጅም ናቸው፤ በአንዳንድ በር ሲገቡ ጎንበስ ማለት ግድ ይሆንባቸዋል። አንድ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው በከዘራና በእኔ ትከሻ ነበር የሚሄዱት። ጠዋት አለብሳቸዋለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፤ ከዚያ ጋዜጣውን ጮክ ብለው ያነቡልኛል፤ እኔም በዚያው ሆላንድኛ እማራለሁ። በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። «ሜቭራው» ነበር የምላቸው፤ በአገሩ ቋንቋ «እመቤት» እንደማለት ነው።

ሜቭራው በየማክሰኞው ካርታ የሚጫወቱ ሦስት ወዳጆች ነበሯቸው። ከነዚህ አንደኛዋ ማዴይራ የምትባል ደሴት ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። የማዴይራ አበባ፣ የማዴይራ ወይን፣ የማዴይራ ፀሐይ። ክረምቱን ሙሉ ይህንን ሰማን። አንድ ማክሰኞ ሜቭራው ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው፣

«እኔ በመርከብ ደቡብ አሜሪካ እሄዳለሁ» አሉ።

እኔ ሻይ ይዤ እየገባሁ ነበር። ወዳጆቻቸው ሲሄዱ ወጥ ቤት ድረስ መጡና፣ «አንቺም ትሄጃለሽ፤ ይኼን ጉልበት ብቻዬን ልሸከመው አልችልም» አሉኝ። እንግዲህ የተማከርነው ይኸንኑ ያህል ነው።

እኔ የምኖረው ስኪልደርስዋይክ ነበር፤ ስደተኛ የሚበዛበት፣ ቤቱ ሁሉ ተቃቅፎ የቆመበት ሰፈር። ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ እትዬ ይኖራሉ። አገሩ ውስጥ ስገባ ተቀብለው አልጋቸውን የለቀቁልኝ፣ ቢሮ በማጽዳት የሚተዳደሩ ትልቅ ሴት ናቸው። እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። ባሕር የሚባል ነገር አይወዱም። ዴን ሃግ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ሆና ሳለ፣ አንድም ቀን ወደዚያ በሚሄደው ትራም ተሳፍረው አያውቁም።

ወሬው በአበሻው መካከል ሲዳረስ «ደቡብ» የሚለው ቃል መንገድ ላይ ወደቀና «አሜሪካ ልትሄድ ነው» ብቻ ቀረ። ቤቴ በሰው ሞላ። አንዱ ቺካጎ ላለ ወንድሙ በርበሬ ይዞ መጣ።

«ወንድሜ፣ እኔ የምሄደው ብራዚልና አርጀንቲና ነው» አልኩት።

«ቢሆንም አንቺ ትቀርቢያለሽ» አለኝ።

ምን ይባላል? ተቀበልኩት።

የመሄጃችን ዕለት፣ በጥር ብርድ፣ ሮተርዳም ወደብ ላይ ሁለት ሸኚ ቡድን ቆመ። በአንድ በኩል የሜቭራው ካርታ ተጫዋቾች መሐረባቸውን አዘጋጅተው፣ በሌላ በኩል እትዬ ከታናሽ እህታቸው ጋር ነጠላቸውን አጣፍተው። እትዬ ጠበል በጠርሙስ ይዘው ስለነበር ከራሴ ጀምረው ረጩኝ። ካርታ ተጫዋቾቹ ዝናብ የጀመረ መስሏቸው ጃንጥላ ዘረጉ።

ሜቭራው ደግሞ መሰላሉ ሥር ሲደርሱ ቆሙና ያንን ወፍራም የሱፍ ካፖርታቸውን አወለቁ። ከውስጥ ነጭ የበፍታ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ራሳቸው ላይ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አለ። ካፖርቱን ለማዴይራዋ ሴትዮ ሰጧቸውና፣

«ቤት አድርሱልኝ። እኔ የምሄድበት ይኼ አያስፈልግም» አሉ።

እንደዚያ ያለ ኩራት አይቼ አላውቅም። ከንፈራቸው በብርድ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። መርከቡ ጮኸ፣ መሐረቡ ተውለበለበ፣ እትዬ አለቀሱ፣ እኛም ሄድን።

ጠዋት ስነቃ በክፍላችን መስኮት ብራዚልን ባልጠብቅ እንኳ ባሕር ጠብቄ ነበር። የታየኝ ግን ክሬንና የከሰል ክምር ነው። ወዲያው በድምፅ ማጉያው ካፒቴኑ ይቅርታ ጠየቁ፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ተበላሽቷል፤ ጎታች ጀልባዎች ስኪዳም አጠገብ ወዳለ የጭነት ወደብ መልሰውናል። ስኪዳም ማለት ከሮተርዳም ጋር ግድግዳ የምትጋራ ትንሽ ከተማ ናት። ጥገናው እስከ ማታ ያልቃል፤ እስከዚያ መንገደኞች የብስ ላይ ወርደው መዝናናት ይችላሉ።

መውረጃው ላይ የቆመው አስተናጋጅ ለየወደቡ የሚናገረውን ማሳሰቢያ ሸምድዶ ኖሮ ለእኛም አንድ ቃል ሳያጎድል አወረደልን። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ። ወርቅ አታድርጉ። ከቀትር ፀሐይ ተጠንቀቁ። ውጪ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየጣለ ነበር።

ሌሎቹ መንገደኞች አብዛኞቹ የአካባቢው ሰዎች ስለሆኑ ታክሲ ጠርተው ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔም፣ «ሜቭራው፣ እኛም ቤት ሄደን ሞቅ ብሎን እንዋል» አልኩ።

«ቤት?» አሉኝ፤ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። «ከዚያ ሁሉ መሐረብ በኋላ? ጎረቤት በመስኮት ቢያየኝ ምን ልላት ነው? ደቡብ አሜሪካ ደርሼ መጣሁ? አይሆንም። መርከባችን ወደብ ደርሷል፤ እኛም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ወርደን አገር እናያለን።»

«ካፖርትስ?»

ካፖርቱ የማዴይራዋ ሴትዮ ጋ ነው። የእኔን እንዲለብሱ ብሰጣቸው እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀረ። ሹራብ ደረቡ፣ ጃንጥላ ያዝኩላቸው፣ ወረድን። መሰላሉን እንደጨረስን ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣

«ዛሬ እኔ የውጭ አገር ሰው ነኝ። ሆላንድኛ አልሰማም፤ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው የምናገረው። ሰው ቢያናግረኝ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ» አሉኝ።

«ሜቭራው፣ እኔ እኮ ፈረንሳይኛ አልችልም።»

«ችግር የለም፤ እኔ እችላለሁ» አሉ።

ስኪዳም «የኔቨር» በሚባል፣ ከእህል በሚወጣ፣ አረቄያችንን በሚመስል መጠጥ የታወቀች ናት። ብርዱ አጥንታችን ሲገባ ሜቭራው ከዘራቸውን ወደ አንድ ጠባብ መጠጥ ቤት ቀሰሩ። ባለቤቱ ሽርጥ የታጠቁ ቀይ ሽማግሌ ናቸው፤ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ሜቭራው ተቀመጡና ረጅም የፈረንሳይኛ ንግግር አደረጉ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁለት ብርጭቆ ይላሉ» አልኩ፣ በዚያች ሰባራ ሆላንድኛዬ።

«ይኼ ሁሉ ለሁለት ብርጭቆ?»

«በአገራቸው መጀመሪያ ሰላምታ ይበዛል።»

ሽማግሌው ትንንሽ ብርጭቆ አምጥተው አፍ እስካፉ ሞሉት። ከዚያ ለእንግዳዋ የአገሩን ወግ ያስተምሩ ጀመር። የመጀመሪያው ጉንጭ በእጅ አይነሳም፤ ሁለት እጅ ወደ ኋላ ተደርጎ፣ ለብርጭቆው እንደመስገድ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚጠጣው። ሜቭራው ይህንን ነገር በየምሽቱ ከእራት በፊት እንደሚያደርጉት እኔ አውቃለሁ፤ ብርጭቆውን የማጥበው እኔ ነኝ። ግን ዓይናቸውን አፍጥጠው ተመለከቱ፣ አቅማሙ፣ ፈሩ፣ በመጨረሻም ጎንበስ ብለው አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ ግማሹን ሳቡት። ሽማግሌው አጨበጨቡላቸው።

«ይኼ የተፈጥሮ ስጦታ ነው! ከየት ናቸው?»

ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነበር። «ከደቡብ አሜሪካ» አልኩ።

«አንቺስ?»

«እኔ ከዴን ሃግ።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። የዴን ሃግን ሰው ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ፤ ኩራቱ አያድርስ ነው፤ ድንች ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ጎረቤት እንዳይንቀው ድንቹን የሚከትበት የቫዮሊን ሳጥን ይዞ ነው የሚሄደው። «ለእንግዳሽ ንገሪያቸው፤ ይሳቁ» አሉ።

ወደ ሜቭራው ዞሬ አፌ እንዳመጣልኝ ፈረንሳይኛ የሚመስል ድምፅ አሰማሁ። ሜቭራው አልሳቁም። አንገታቸው ከሥሩ ጀምሮ እየቀላ ወደ ጆሯቸው ወጣ። የቀረውን ግማሽ በእጃቸው አንስተው ጨለጡት።

ከዚያ ወደ ሮተርዳም መሐል በሚወስደው ትራም ተሳፈርን። ባርኔጣው ዝናቡን ጠጥቶ ክፈፉ ወደ ጆሯቸው መውረድ ጀምሯል። ፊት ለፊታችን ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እኔን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ እንደማንሰማም ወሰኑ።

«የመብራት ሽፋን ነው ጭንቅላቷ ላይ ያደረገችው» አለች አንደኛዋ።

ሜቭራው በመስኮት ወደ ውጪ ተመለከቱ።

«ምስኪን፣ በዚህ ብርድ በበጋ ልብስ» አለች ሁለተኛዋ።

ሜቭራው ከዘራቸውን ጨበጡ።

«ምን ምስኪን ትያለሽ? አሁንማ በዚህ ዕድሜያቸውም መጉረፍ ጀምረዋል። ነገ ቤት ስጡን፣ ከነገ ወዲያ ድጎማ ስጡን ነው።»

ሜቭራው ተነሱ። ትራሙ ውስጥ ራሳቸው ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ጋዜጣ በሚያነቡልኝ በዚያ ጥርት ባለ የዴን ሃግ ሆላንድኛ፣

«እኔ በዚህች አገር ግብር መክፈል የጀመርኩት እናንተ ሁለታችሁ ሳትወለዱ ነው! ባርኔጣውም የገዛ ራሴ ነው!» አሉ።

አንደኛዋ ሴት አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ሁለተኛዋ ግን ወደ ጓደኛዋ ዞራ በአድናቆት፣ «አየሽ? እንዲህ አድርገው ቋንቋውን ከተማሩማ እኔ ተቃውሞ የለኝም» አለች።

ቀጥሎ ባለው ፌርማታ ወረድን። ጥቂት ከሄድን በኋላ ሜቭራው፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አንዳንዶቹ።»

«አንቺ ታዲያ ምን ትያለሽ?»

«ፌርማታዬ ሲደርስ እወርዳለሁ» አልኳቸው።

ትከሻዬን ከወትሮው ጠበቅ አድርገው ያዙት።

ባቡር ጣቢያው ውስጥ ገብተን ትንሽ እንሙቅ አልን። በሩን አልፈን ገና ሦስት እርምጃ ሳንሄድ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እትዬ ናቸው። ለካ ወደቡ ላይ ከሸኙን በኋላ ሮተርዳም ዳር ባለችው ሆግቭሊት፣ እህታቸው ቤት አድረው ኖሯል፤ አሁን እህታቸው ወደ ዴን ሃግ ባቡር ሊያሳፍሯቸው አምጥተዋቸዋል። እትዬ ሻንጣቸውን ጥለው መጡና ክንዴን፣ ፊቴን፣ ፀጉሬን ዳሰሱኝ።

«አለሽ? በሕይወት ነው ያለሽው?»

«አለሁ እትዬ፣ ምንም አልሆንኩም። መርከቡ ተሰብሮ ነው እንጂ።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ስህተቴ ገባኝ። መርከብ ተሰበረ ማለት በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል?

«ዋይ! ዋይ! ስንቱ ሰው አለቀ?»

«ማንም አላለቀም፤ ሞተሩ ነው እትዬ፣ ሞተሩ…»

መች ሰምተውኝ። ዓይናቸው ሜቭራው ላይ አርፏል። ነጩ ቀሚስ ከሰውነታቸው ተጣብቋል፣ ከባርኔጣው ክፈፍ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። እውነትም ከባሕር የወጡ ይመስሉ ነበር።

«እኚህን አንቺ ነሽ ያወጣሻቸው?» አሉ እትዬ፤ መልስ ሳይጠብቁም ከሻንጣቸው ጋቢ መዘው ሜቭራውን ከአንገት እስከ ጉልበት ጠቀለሏቸው።

«ምን እያሉ ነው?» አሉኝ ሜቭራው።

«እንኳን ተረፉ ይላሉ።»

«ከምን?»

«ከባሕር።»

ሜቭራው ጋቢውን ወደ አገጫቸው ሳብ አደረጉ። ሙቀቱ ገና እየደረሳቸው ነበር። ጥቂት አሰቡና፣ «አመስግኚልኝ» አሉ።

በምድር ባቡር ሆግቭሊት ሄድን። የእህታቸው ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮቱ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ፤ ከአንዱ ጫፍ ላይ እሳት ይንቦገቦጋል። ሜቭራውን ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጧቸው፤ የወንድ የሱፍ ካልሲ አጠለቁላቸው። ሜቭራው በመስኮት እሳቱን አይተው፣ «እሳተ ገሞራ ታያላችሁ ብለውን ነበር» አሉኝ፤ ሲቀልዱ ያየሁበት የመጀመሪያው ቀን ይመስለኛል።

እህታቸው ለአራስና ለበሽተኛ የሚሆነውን አጥሚት ሠርተው ቅቤ ጣል አድርገው አመጡ። ሜቭራው በማንኪያ ቀመሱ። ሁላችንም እናያቸዋለን። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጠው ኩባያውን በሁለት እጃቸው ያዙና እስከ መጨረሻው ጠጡ። «ልጅ ሆኜ ሞግዚታችን እንዲህ ያለ ነገር ትሰጠን ነበር። ይኼኛው ግን ይበልጣል» አሉ። ደገሙ።

እትዬ በዚህ መካከል ስልኩ ላይ ነበሩ። ዴን ሃግ ላለው አበሻ ሁሉ መትረፌን እየነገሩ ነው። መጀመሪያ ሲደውሉ ሞተር ነበር የተሰበረው። ሁለተኛው ላይ ውሃ ገባ። በሦስተኛው ስልክ እኔ ሴትዮዋን በጀርባዬ አዝዬ ስዋኝ ነበር። መዋኘት አልችልም። «እትዬ፣ ኧረ በእግዚአብሔር!» ብላቸው፣ «ዝም በይ፤ ደንግጠሽ ነው የማታስታውሺው» አሉኝ።

ቀኑ ሲገፋ ሰዓቱን አይቼ ወደ መርከቡ መመለስ አለብን አልኩ። እትዬ ስልኩን ዘጉ።

«የት? እዚያ ላይ? ተይ እንጂ! እሳቸው ከፈለጉ ይሂዱ፤ አንቺ አትሄጂም።»

«ምን ይላሉ?» አሉ ሜቭራው።

«ስለመርከቡ ትንሽ ሐሳብ ገብቷቸዋል።»

«ያለ እሷ ጉልበቴ አይንቀሳቀስም በያቸው።»

ነገርኳቸው። እትዬም፣ «ጉልበት ያመመው ሰው ቤቱ ይቀመጣል እንጂ ባሕር ምን ሊያደርግ ይሄዳል!» አሉ።

ወደ ሜቭራው ዞሬ፣ «ጉልበትዎን እግዜር ይማርልዎ ይላሉ» አልኩ።

ሜቭራው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እንደዚያ አላሉም። ጠዋቱን ሙሉ በፈረንሳይኛ ሳናግርሽ ስለዋልኩ እንዴት እንደምታስተረጉሚ አውቄያለሁ።»

ሁለቱ ሴቶች በእኔ ራስ ላይ ተፋጠጡ። አንዷ ወደ መርከብ፣ አንዷ ወደ ቤት፤ እኔን ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ የለም። ድንገት ሆድ ባሰኝ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥዬ በሆላንድኛ፣ ያንኑ ነገር ሳልቀይር ተናገርኩት፦

«እስከዛሬ አገር ያቋረጥኩት ሁሉ ሸሽቼ ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንም ሳያሳድደኝ መሄድ እፈልጋለሁ።»

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያውስ መርከቡን እኔ ራሴ ልየው» አሉ።

አየንም። ባሕር ዳር ሄደው የማያውቁት እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጄን ይዘው፣ መሰላሉን ወጡ። ነጭ ለብሰው እንዲህ በክብር ሲገቡ ያያቸው አንድ የመርከቡ መኮንን፣ አንዳች ትልቅ ሰው መስለውት በወታደር ሰላምታ ተቀበላቸው። ምግብ ቤቱን አዩ፣ የምተኛበትን አልጋ ተጭነው ሞከሩ፣ ከዚያ «ሞተሩ የታለ?» አሉ። እሱ ለጎብኚ አይፈቀድም ተባሉ። እዚያው ደረጃው አፍ ላይ ቁጭ ሲሉ፣ ዘይት የነካው አንድ መካኒክ እጁን እየጠረገ ብቅ አለ።

«እናት እንዳለው ጠይቂልኝ» አሉኝ።

አለችኝ አለ።

«በእናትህ ሞት፣ ደህና አድርገህ አጥብቀኸዋል ወይ?»

ይህንን በቀጥታ አስተረጎምኩት። መካኒኩ ደነገጠ። ቆይቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «በራሴ እጅ አጥብቄዋለሁ፤ እኔም እኮ አብሬ ነው የምሄደው» አለ። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁና ከጠርሙሱ የቀረውን ጠበል በእሱም በደረጃውም ላይ ረጩት። መካኒኩ ፊቱን ጠርጎ፣ ሞተር የሚፈልገው ዘይት እንጂ ውሃ አይደለም ብሎ አጉተመተመ፤ ግን እስኪጨርሱ ድረስ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።

ሸኚዎች እንዲወርዱ ደወል ሲደወል እትዬና ሜቭራው ምግብ ቤቱ ውስጥ ሻይ እየጠጡ ነበር። እትዬን ከወንበሩ ለማስነሳት ሁለት አስተናጋጅ መጣ። በዚህኛው አላለቀሱም። ከታች ሆነው፣ ድምፃቸው ከመርከቡ ጩኸት በላይ እየተሰማ፣ «ጉልበታቸውን በቅቤ እሺላቸው!» ይሉኝ ነበር።

ሞተሩ ጸናልን። ሪዮን አየሁ፣ ሞንቴቪዴዮን አየሁ፣ ቦነስ አይረስ ወርደን ሙዝ በላን። ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ሜቭራው ግን ሙቀቱ ስለማይስማማቸው አብዛኛውን ወደብ ከመርከቡ ጥላ ሥር ሆነው ነው ያዩት።

በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት አንድ እሁድ ሜቭራው ባርኔጣ አደረጉና ወደ እትዬ ቤት ውሰጂኝ አሉኝ። ዴን ሃግ ተወልደው አርጅተው ስኪልደርስዋይክን ረግጠው አያውቁም ነበር፤ ትራሙ ከቤታቸው በር ላይ ነው የሚነሳው። ጠባቡን ደረጃ ሲወጡ በየእርከኑ ተሳደቡ፤ እትዬም ከላይ ሆነው «አይዞዎት፣ አይዞዎት» ይሏቸዋል። ገብተው ተቀመጡና ወሬ ጀመሩ፤ አንዷ በሆላንድኛ፣ አንዷ በአማርኛ። አንዷ ጉልበታቸውን ያሳያሉ፣ አንዷ ወገባቸውን። ላስተረጉም አፌን ስከፍት ሁለቱም እጃቸውን አወናጨፉብኝ። እኔም ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።